ከደረጃው ሥር ያለችው አንባቢ

ለነገር ሁሉ ጊዜን የወሰነ አምላክ አስቀድሞ የሚያውቀውን እኛ ዘግይተን እናስተውላለን። የእነዚህ የሁለት ተማሪዎች ነገርም እንዲሁ ነበረ።

ልጅቱ የአንደኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ምላሷ ስለሚተበተብ፣ ካልጠየቋት አትናገርም፤ የመኝታ ክፍል ጓደኞቿም «ዝሜ» ይሏታል። ዩኒቨርሲቲ በገባች በሦስተኛው ወር፣ ገና ከማንም ሳትግባባ፣ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ «ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች የሚያነቡ በጎ ፈቃደኞች ይፈለጋሉ» የሚል ማስታወቂያ አየች። ሁለት ጊዜ አልፋው ሄደች። በሦስተኛው ተመዘገበች።

«አንቺ? ለማንበብ?» አለቻት ጓደኛዋ። «ኧረ ልጁ መጽሐፉ ሳያልቅ ይሸብታል!»

«ይ... ይሸብታ!» አለች ዝሜ።

የበጎ ፈቃደኞቹ ክበብ ክፍል ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ የወጪ ወራጁ ኮቴ ጣራዋን ይደበድባል። እንድታነብለት የደረሳት ዓይነ ስውር የሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነበር። ወፍራም ወረቀት ወጥሮ፣ በብረት መውጊያ ነጥብ በነጥብ እየወጋ ብሬል ይጽፋል። እርሷ ቃል ሲይዛት ፊቷ ይግላል፤ እርሱ ግን ቀና ሳይል ይወጋል።

«ይ... ይቅርታ፣ አዘገየሁህ።»

«ምኑን? የበፊቶቹ እንደ ደነበረ ፈረስ ነበር የሚጋልቡት። ግማሹ ያመልጠኛል፤ ‹ድገሙልኝ› ማለቱም ያሳፍረኛል። ካንቺ ጋር ግን አንድም ቃል አልቀረብኝ።»

ዝሜ ገጹን ገልጣ ማንበቧን ቀጠለች። እርሱም ራሱን ወደ ድምፅዋ ዘንበል አደረገ። ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሁለት ቀን የነበረው ንባብ አምስት ሆነ።

ፈተና አንድ ወር ሲቀረው የክበቡ ሊቀ መንበር ጠራት። «እኅቴ፣ እንዳትቀየሚኝ። ልጁ ገና ሁለት መጽሐፍ ይቀረዋል። ፈጣን አንባቢ መድቤለታለሁ፤ እርሱም ተስማምቷል።»

ከነገሩ ሁሉ «ተስማምቷል» የሚለው አስከፋት። ሦስት ቀን አንገቷን ደፍታ ዋለች። በአራተኛው «እንግዲያውስ ከራሱ አፍ ልስማው» ብላ ተነሣች።

የአዲሱ አንባቢ ድምፅ እስከ ውጭ ድረስ ይንቆረቆራል፤ የመውጊያው ድምፅ ግን የለም። በሩን ከፈተች።

«ለ... ለምን አትጽፍም?»

የልጁ ፊት በራ። «መጣሽ? ሊቀ መንበሩ ደክሟታል አለኝ እኮ! ደከመኝ ያለን ሰው በግድ አንብቢ ልበል?»

«ማ... ማን ነው የደከመው?» ጩኸቷ በደረጃው የሚወጡትን አስቆመ።

አዲሱ አንባቢ ወንበሩን ለቀቀላት። «ተቀመጪ፣ እኔስ ለግድግዳው ሳነብ ነው የሰነበትኩት።»

እርሷ ግን አልተቀመጠችም፤ በቀጥታ ወደ ሊቀ መንበሩ ሄደች። «ሁለቱንም እ... እኔ እጨርሳለሁ። የክፍሉን ቁልፍ ስጠኝ፤ በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት እንገባለን።»

ቁልፉን ይዛ ወጣች። ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው የመጨረሻውን ገጽ አነበበች።

«አ... አለቀ» አለች፤ ደስታም ኀዘንም በድምፅዋ ነበረ።

«ነገም ነይ።»

«ምን ላ... ላነብልህ?»

«ምንም። እወድሻለሁ። መጽሐፍ ባይኖርም አጠገቤ እንድትሆኚ እፈልጋለሁ።»

መልሱ ምላሷ ላይ ተያዘ። እርሱ አልተጣደፈም፤ ቃሉን ከአፏ ሊነጥቃትም አልሞከረም።

«እ... እኔም» አለች።

ከምረቃቸው በኋላ ተጋቡ። እናንተም ይህን ያነበባችሁ፣ አምላክ ቤታችሁን በሰላም ይጠብቅ፤ ቃላችሁን እስክትጨርሱ የሚታገሥ ሰው ከማዕዳችሁ አያጉድልባችሁ። አሜን።