የምድር ኀፍረት

አባ ኬላት በቅሏቸው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ከበሩ ዞር ብለው አንዲት ቃል ተናገሩ። «አጥብቂው» አሉ። የነጋሪቱ ድምፅ ግቢውን ሞልቶት ስለነበር ሙያቸውን የሚያስተምሯት ናርዲት የሰማችው «ጠብቂው» የሚለውን ነበር።

«እሺ አባ፣ ዐይኔን አልነቅልም» አለች።

ሽማግሌው ፈርጥ ሠሪ መልሷ ገረማቸው፤ ግን ቸኩለው ነበርና ሄዱ።

ናርዲት ቃሏን አክብራ የሰንደራን መንግሥት ዘውድ ከፊቷ አኑራ፣ ዝንብ እንኳ ሳታሳርፍበት እስከ ቀትር ተቀመጠች። ቀዩን ፈርጥ ከያዙት አራት የወርቅ ጥርሶች አንዱ መላላቱን አላየችም። እንድትጠብቅ እንጂ እንድትነካ የታዘዘች አልመሰላትም። ከቀትር በኋላ ንግሥት ሳሌኒ ዘውዱን ደፍተው የገደሉን ድልድይ ሲሻገሩ ፈርጡ ከጥርሶቹ ሾልኮ ወደቀ።

በዚያ ገደል ጉሙር የተባለ አውሬ ይኖር ነበር። አካሉ ጉም፣ ጥርሱ በረዶ ነው፤ የሚፈራውም የዚያን ፈርጥ ፍም ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወጥቶ ከድልድዩ ዳር ያለችውን መንደር ከነሰዎቿ ዋጠ።

ሸንጎው ተቀምጦ አባ ኬላትን ጠየቀ፦ «ጥርሱን ለምን አላጠበቁትም?»

ናርዲት ቃሉ የገባት ያን ጊዜ ነው። ሽማግሌው ወደ እርሷ አልተመለከቱም፤ መሬት መሬቱን እያዩ ዝም አሉ። አዲስ ጨረቃ እስክትወጣ ሌላ ፈርጥ ካልተገኘ ቀኝ እጃቸው እንዲቆረጥ ተፈርዶ በእግር ብረት ታሰሩ። ናርዲት እውነቱን ልትናገር ተነሣች፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«እኔ ሄጄ አመጣለሁ።»

ሸንጎው እልል አለላት። እልልታው እንደ ጥፊ ፊቷን አቃጠለው። ወንዳፍራሽ የተባለ ጋሻ ጃግሬም ብድግ ብሎ ጋሻውን መታ። «ጥፋት ሳይኖርባት ለሰው ጥፋት የምትዘምት ልጅ አየሁ። አብሬያት እሄዳለሁ። ልቧ ንጹሕ ካልሆነ ይህን ጋሻ በገዛ እጄ እሰብረዋለሁ» ብሎ በሰማይና በምድር ማለ።

ቀዩ ድንጋይ ይገኝበታል ወደሚባለው ወደ ፍላት ተራራ የሚወስደው መንገድ ዘጠኝ ቀን ነው። ወንዳፍራሽ በየዳገቱ ስሟን እየጠራ ፎከረላት። እርሷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

«እስቲ ንገሪኝ፣ አንቺ ዝምተኛ» አለ በአምስተኛው ቀን፣ «ባቄላ የምታክል ጠጠር እንዴት አገር ታክላለች?»

«ድንጋዩ በተፈጥሮው ነጭ ነው» አለች። «ከተራራ ሥር በእሳትና በክብደት እልፍ ዓመታት ይጨመቃል። እሳት ብቻውን ግን አያቀላውም። ከሌላ ዐለት የመጣች እንግዳ ብናኝ ልትገባበት ይገባል። ብታንስ ደብዛዛ ይሆናል፤ ብትበዛ ትሰነጥቀዋለች። ልክ ሆና የምትገኘው ከመቶ ተራራ በአንዱ ነው።»

«እንግዲያ ዋጋው በጉድፉ ነዋ። እኔም ጉድፍ ሞልቶኛል፤ ማን ይግዛኝ?» ብሎ ሳቀ።

ናርዲት አልሳቀችም። ሽማግሌዎች ድንጋዩን «የምድር ኀፍረት» ይሉታል። ምድር የመጀመሪያውን ሐሰት በሰማች ጊዜ ቀልታ የቀረችበት ነው ይባላል። ይህን ስም አልነገረችውም።

በተራራው ሆድ ውስጥ ዐይነ ስውር ዘንዶ ተኝታ አገኙ። ወንዳፍራሽ ሰይፉን ሲመዝ ዘንዶዋ ራሷን ቀና አላደረገችም።

«የተቀበረ ነገር የሚለወጠው በተቀበረ ነገር ነው» አለች። «አንቺ ልጅ፣ አንቺስ ምን ቀብረሽ ትጠብቂያለሽ?»

ናርዲት ወንዳፍራሽን አየችው። ቢወጣ ትመርጥ ነበር።

«አጥብቂው ተብዬ ጠበቅሁት» አለች። «ፈርጡ የወደቀው በእኔ ነው። ስሕተቱ የጆሮዬ ነው፤ ዝምታው ግን የራሴ። አባ ኬላት በእኔ ፋንታ ታስረዋል።»

ዘንዶዋ ጎኗን ፈቀቅ አደረገች። ከሥሯ ቀይ ድንጋይ በዐለቱ ውስጥ ተሰክቶ ታየ። ናርዲት ፈልቅቃ ስትመለስ ወንዳፍራሽ ጋሻውን ከድንጋይ ላይ አጋድሞ ለሁለት ሰንጥቆት ነበር።

«የዋሸሁት እኮ እኔ ነኝ» አለችው።

«የማልሁት እኔ ነኝ» አለ። ስንጣሪዎቹን በስልቻው ከተተ። ከዚያ ወዲያ አልፎከረላትም።

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ጉሙር ተነሣ። ድንጋዩ ከዘውዱ ወርቅ እስኪገባ ፍሙ አይነሣም ነበርና በእጇ ውስጥ ቀዝቅዞ ቀረ። ወንዳፍራሽ ስልቻውን አሸከማት።

«እለፊ» አለ። «ወደ ኋላ አትዪ።»

እርሷ ግን አየች። ጉሙ ሲወርድበት ወንዳፍራሽ እንደ ልማዱ ግራ ክንዱን አነሣ፤ ክንዱ ላይ ምንም አልነበረም።

በግቢው አዝማሪዎች ማሲንቋቸውን ቃኝተው ጠበቋት። ናርዲት አስቆመቻቸውና ሁሉንም በሸንጎው ፊት ተናገረች፤ የጋሻውንም ነገር አልተወችም።

«ይህን የሚያውቅ ሰው ሞቷል» አሉ ንግሥቲቱ። «ለምን ነገርሽን?»

«አባ ኬላት ያውቃሉ።»

ሽማግሌው ከእግር ብረት ተፈትተው መጡ። ድንጋዩን ከወርቁ ውስጥ አስቀምጠው ጉጠቱን ለእርሷ አቀበሏት፤ አንዲት ቃልም ተናገሩ።

«ጠብቂው ነው ያሉኝ አባ፣ ወይስ አጥብቂው?» አለች።

ማንም አልሳቀም።

«አጥብቂው ነው ያልሁሽ፣ ልጄ።»

አራቱንም ጥርሶች አጠበቀች። ፍሙ ተነሣ፣ ጉሙም ወደ ገደሉ ተመለሰ። በማግስቱ ናርዲት ሁለቱን የጋሻ ስንጣሪዎች ተሸክማ ወደ ወንዳፍራሽ እናት ቤት ሄደች።