የበድረዲን ግመል

«እንግዲህ ይማል» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ አስፋው። «ልጁ በሚካኤል ምሎ አልሰበርኩም ብሏል። አሁን ተራው የበድረዲን ነው። ቁርዓኑን አምጡለት።»

ራዊያ ግቢው ጥግ ላይ ከእናቷ ከሀሊሜ ጎን ቆማለች። አባቷ በድረዲን ከአግዳሚው ተነስቶ ውዱእ ሊያደርግ ወደ ጀሪካኑ ሲሄድ አየችው። አካሄዱ የተረጋጋ ነው። በሐሰት ሊምል የሚሄድ ሰው እንዲህ መረጋጋቱ አናደዳት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እሱ ያለውን ሁሉ አምና ኖራለች። ዛሬ ግን የምታውቀውን እያወቀች ዝም ብላ መቆም አልቻለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በድረዲን አንዲት አሮጌ ፒካፕ አለችው፤ ዕድሜዋ የራዊያን ሦስት እጥፍ የሚሆን፣ ካምቢዮዋ እንደ ዛሬ መኪና ከወለል ሳይሆን ከመሪው ሥር የወጣ። በእሷ ከቆቦ ዙሪያ ማሳዎች ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫነ ከዋጃ እስከ ጎብዬ ይመላለሳል። ሰዉ «የበድረዲን ግመል» ይላታል። ለማላገጥ ነው እንጂ ግመልስ ውሃ ጥም ትችላለች፤ ይህችኛዋ አሥር ኪሎ ሜትር ሳትሄድ ይጠማታል። በድረዲን ዳር ይይዝና «ውሃ ልጨምርላት» ብሎ ኮፈኖውን ይከፍታል፤ ጥቂት አጎንብሶ ይቆይና ተመልሶ ይነዳል።

ራዊያ ግን ሁልጊዜ ጎኑ ስለምትቀመጥ ጀሪካኑ ሞልቶ ሄዶ ሞልቶ እንደሚመለስ ታውቃለች። አሥር ዓመቷ ሳለ ተከትላው ወርዳ አይታለች። ከካምቢዮው ሁለት ዘንጎች ይወርዳሉ፤ ታች ሁለት ትንንሽ የብረት ክንዶችን ይገፋሉ። ክንዶቹን ለይቶ የሚይዘው ቀለበት ተበልቷል። ነጂው ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ተቻኩሎ ከሳበ ሁለቱም ክንዶች አንድ ላይ ይንቀሳቀሱና ይቆላለፋሉ፤ ካምቢዮው ድርቅ ይላል። አባቷ በእጁ ገፋ አድርጎ ያላቅቃቸዋል። መለወጫ ከአላማጣ እስከ ወልድያ ፈልጎ አጣ፤ በኋላ መፈለጉንም ተወው።

«ይቺን ነገር እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናውቃት» ብሏት ነበር ያን ቀን። ምስጢር የተካፈለችው ከአባቷ ነውና ደስታዋ ሳምንት ሙሉ አልለቀቃትም።

ከሦስት ሳምንት በፊት በድረዲንን ወባ ጣለው። ቲማቲሙ ተጭኖ ስለነበር ጎረቤታቸው አላምረው፣ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ሁለት ወሩ፣ በፒካፗ ወደ ዋጃ ይዞት ሄደ። መንገድ ላይ ካምቢዮው ድርቅ አለበት። ወዲህ ቢል ወዲያ ቢል አልነቃነቅ አለው። ቲማቲሙ ፀሐይ ላይ ውሎ አድሮ ፈሰሰ። በማግስቱ በድረዲን እየተንቀጠቀጠ መጣ፤ ሰዎቹን ገለል አድርጎ ኮፈኖውን ከፈተና መኪናዋን እየነዳ ወደ ቤቱ ተመለሰ። የቲማቲሙ ባለቤት ነጋዴዎች ሲጮሁበት «ልጁ ካምቢዮዬን ሰበረው» አላቸው። «ታዲያ እንዴት ነዳሃት?» ላሉትም መልስ አላጣም። «እኔማ አመሏን አውቃለሁ፤ ውስጧ ግን ተሰብሯል።»

ወሬው ሮቢት ደረሰ። እዚያ አላምረውን ለአይሱዙው ሾፌር ሊያደርገው ቃል የገባለት ሰው «የሽማግሌዎቹን ፍርድ ልስማ» ብሎ ነገሩን ያዘው። አላምረው ከተፈረደበት ሁለተኛ መሪ የሚያስጨብጠው ሰው በአካባቢው አይገኝም።

ትናንት ትምህርት ቤት በር ላይ ጠብቋት ነበር።

«ራዊ፣ አንቺ እኮ ሁሌ ከሱ ጋር ነሽ። በናትሽ እንዳትሸውጂኝ። እኔ ነኝ የሰበርኳት?»

«እንጃ» አለችው።

ያቺ «እንጃ» ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳቻት።

በድረዲን እግሩን ታጥቦ ሲጨርስ ራዊያ ከእናቷ ጎን ተነቀለች። ሀሊሜ የልጇን ሻሽ ያዝ አድርጋ «የት ነው?» አለቻት በሹክሹክታ። ራዊያ ቀስ ብላ አስለቀቀቻትና የግቢውን መሐል አቋርጣ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመች።

«ከመማሉ በፊት አንድ ነገር ላሳያችሁ።»

ጋሽ አስፋው ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። ወደ እናትሽ ተመለሽ።»

«አልመለስም፣ ጋሼ።»

ሸህ መህዲ፣ ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት፣ ቀና ብለው አዩዋት። «ተዋት እስቲ» አሉ። «ምንድን ነው የምታሳዪን፣ ልጀ?»

አጥሩ ሥር ወደቆመችው ፒካፕ ሄደች፤ በሩን ከፍታ ነጂው ወንበር ላይ ወጣች። ሞተሩን አላስነሳችም። ፍሪሲዮኑን እስከ ታች ለመርገጥ ከወንበሩ ጫፍ ላይ መንሸራተት ነበረባት። ካምቢዮውን ወደ ራሷ ስባ ወደ ታች አወረደችው፤ አንደኛ ገባ። አባቷ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ወደ መሐል መልሶ ጥቂት ይታገሳል። እሷ አልታገሰችም፤ ባላት ኃይል ወደ ሁለተኛ ሳበችው። ከሥር ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ወዲህ ብትገፋው ወዲያ ብትገፋው ካምቢዮው እምቢ አለ።

«ይኸው፣ ሰበርኳት» አለች በመስኮቱ።

«ምን አደረግሽ አንቺ?» አሉ ጋሽ አስፋው።

«አላምረው ያደረገውን።»

አላምረው ከተቀመጠበት ብድግ አለ። በድረዲን ግን ካለበት አልተነቃነቀም፤ ከክንዱ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ራዊያ ወርዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። እንዲህ ትኩር ብላ አይታው አታውቅም። ፈራችው፤ አሳዘናትም፤ ከሁለቱ ግን ንዴቷ ይበልጥ ነበር።

«አባ፣ ና ውሃ ጨምርላት።»

ከተቀመጡት አንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ ሌላ የሳቀ ስለሌለ ወዲያው ዝም አለ። በድረዲን እግሩን አላነሳም። ጠበቀችው፤ ሲብስባት ኮፈኖውን ራሷ ከፈተችው። እጇን እስከ ክርኗ ሰደደች፤ ክንዶቹን ዳብሳ አገኘቻቸውና ታችኛውን ገፋ አደረገችው። ተላቀቁ።

ሸህ መህዲ መነጽራቸውን አውጥተው መጡ። ተበልቶ የሳሳውን ቀለበት በጣታቸው ነካኩት፤ ዝገቱንም አዩ። የሦስት ሳምንት ነገር እንዳልሆነ ለማወቅ መካኒክ መሆን አላስፈለጋቸውም።

«በድረዲን፣ ይኼ ነገር ከመቼ ጀምሮ ነው?»

በድረዲን እጁን በሽርጡ ጠረገ።

«ቆይቷል» አለ።

«በሉ ቁርዓኑን ወደ ቦታው መልሱት» አሉ ሸህ መህዲ። የወሰኑትም ወዲያው ነበር፤ በድረዲን ነገ ሮቢት ሄዶ ለአይሱዙው ባለቤት እውነቱን በራሱ አፍ ይናገራል።

ሰዉ ሲበተን አላምረው በራዊያ አጠገብ አለፈ። «ትናንት እንጃ ብለሽኝ ነበር» አላት።

«አውቃለሁ» አለች። ይቅርታ ልትለው ፈልጋ ሳትለው ቀረች። አላምረው ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ሄደ።

አመሻሽ ላይ መግሪብ እንደተሰገደ ሀሊሜ የልጇን ክንድ ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት። «ጉልበቱን ሳሚ። ሰው ፊት ነው ያዋረድሽው።»

ራዊያ ለዚህ አልተከራከረችም። ሰው ፊት አዋርዳዋለች፤ ይህ እውነት ነው። ምንጣፉ ላይ ተንበርክካ የአባቷን ጉልበት ሳመች፤ እንደ ወጉ «ተነሺ» እስኪላት አንገቷን ደፍታ ቆየች። ከጣቶቿ መሐል የመኪናዋ ግራሶ ገና አልለቀቀም።

በድረዲን ሲናገር ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ከቁጣው ይልቅ ይህ ባሰባት።

«ነገ ማን ይጭንብኛል? ብልሽቷን አገር ካወቀው ማን ቲማቲሙን ያምነኛል? አንቺንስ በምን ላስተምርሽ ነው?»

የዚህን መልስ ቀኑን ሙሉ ስትፈልግ ውላ አጥታለች። ዕንባዋ ምንጣፉ ላይ ጠብ አለ።

«በይ፣ ተሳስቻለሁ በይና ተነሺ» አላት።

«በያ» አለች ሀሊሜ ከበሩ ሥር። «አንዲት ቃል ናት፣ ልጀ።»

ራዊያ ተሳስቻለሁ ሳትል ብትነሳ አባቷን መናቅ ነው፤ ብትል መዋሸት ነው። ጉልበቷ መደንዘዝ ጀምሯል። ክብደቷን ወደ ሌላው ጉልበቷ አዛወረች፤ እስኪነጋም ቢሆን እዚያው ልትቆይ ቆርጣ።