ሰይፉ ስፒከሮቹን ያስደመጠን ቀን

ይህን የማወራችሁ ከሰው ሰምቼ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው።

ወልቂጤ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሌሊት ቢሆን ኖሮ ዓይኔ ነው የሸወደኝ እል ነበር... ግን ውጭ ፀሐይ ነበር። ባጃጆች ይጮሁ ነበር። አጠገቤም ሌላ ሰው ነበር።

ቴዎድሮስ እባላለሁ። ሥራዬ አምፕሊፋየርና ስፒከር መጠገን ነው።

ቤቴ ውስጥ ሁለት አሮጌ ስፒከሮች አሉኝ። ሳጥኖቻቸውን ከጣውላ የሠራሁት እኔ ነኝ። ፊታቸው ላይ ያለውን ጨርቅ የሰፋችው እህቴ ኤደን ናት፤ ከአሮጌ ቀሚሷ ቀድዳ። የሚያያቸው ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን ከነሱ ሌላ ስፒከር አምሮኝ አያውቅም።

ኤደን ከሞተች ሰባት ዓመት ሆኗታል።

የቤተክርስቲያናችን ኳየር ውስጥ ሶሎ የምትዘምረው እሷ ነበረች። አዲስ መዝሙር እየቀዳች ሳለ ማይኩን እንደያዘች ኤሌክትሪክ ገደላት። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር።

ማይኩ የተሰካበትን አምፕሊፋየር ከዚያ በፊት በነበረው ቀን የጠገንኩት እኔ ነበርኩ።

ይህን ለሁሉም ያስታወሰው ሰይፉ ነው። ሰይፉ የዚያን ጊዜ የድምፅ ክፍሉ ኃላፊ ነበር። ሲቀዱ ከእሷ ጋር የነበረውም እሱ ብቻ ነው። ለቅሶ ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

"ቴዲ የመሬቱን ሽቦ ሳያገናኝ ነው የመለሰው።"

የመሬት ሽቦ ማለት ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ሲያልፍ ሰውን ትቶ ወደ መሬት እንዲሄድ የሚያደርገው ሽቦ ነው። እሱ ከሌለ ማይኩ ይገድላል።

እኔ አገናኝቼዋለሁ። በእጄ ነው ያሰርኩት። ግን ሰባት ዓመት ሙሉ በሰው ዓይን ገዳይ ሆናችሁ ስትኖሩ... የገዛ እጃችሁን መጠራጠር ትጀምራላችሁ።

እናቴ ዘነበች አልረገመችኝም። ልብሷን ሰብስባ ቡታጅራ፣ እህቷ ጋ ሄደች። ስደውል ስልኩን የምታነሳው አክስቴ ናት። "ተኝታለች" ትለኛለች። በጠዋትም፣ በምሳ ሰዓትም... ተኝታለች።

ከኤደን የቀረኝ የመጨረሻ መዝሙሯ ያለበት አንድ ፍላሽ ነው። ሰይፉ "ቀረጻው ጠፍቷል" ብሎ ነበር። ከኳየሩ አንዷ ልጅ ግን ቀድማ ገልብጣው ኖሮ፣ ከቀብሩ በኋላ በድብቅ ሰጠችኝ። አራት ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሴኮንድ። በአሮጌዎቹ ስፒከሮቼ ስንት መቶ ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም።

በነሱ የሚሰማው ዜማውና የእሷ ድምፅ ብቻ ነው። ከዚያ ቀጥ ይላል።

ሰይፉ ከጊዜ በኋላ በንግድ ተሳካለት። ባለፈው ዓመት አሚኑ የሚባል የቡታጅራ ነጋዴ ከውጭ ጥንድ ስፒከር አስመጣለት። በከተማችን ታይቶ የማይታወቅ፣ ቁመቱ ደረቴ ድረስ የሚደርስ፣ ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ። አሚኑ የኔም ደንበኛ ነው። ሱቄ መጣ።

"ቴዲ፣ ሰይፉ ይጠራሃል። ያንተን ስፒከሮች ይዘህ ና ብሏል። ከመጋረጃ ጀርባ አድርገን እናወዳድር።"

"እኔን? ራሱ ነው ያለው?"

"ወላሂ ራሱ ነው። እንዳንተ ጆሮ ያለው የለም ይላል።"

ለምን ሄድክ ትሉኝ ይሆናል። እውነቱን ልንገራችሁ... ጥላቻ ነው የወሰደኝ። ሰባት ዓመት በስሜ ላይ ቆሞ የሠራውን ቤት ማየት ፈለግኩ።

ስፒከሮቼን ባጃጅ ላይ ጫንኩ። ፍላሹ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር።

ሰይፉ በር ላይ ተቀበለን። ወፍሯል። ጨበጠኝ፣ ዓይኔን ግን አላየም።

"እነዚህ አሁንም አሉ?" አለ ሳጥኖቼን እያየ።

"አሉ።"

"ዛሬ ትጥላቸዋለህ።"

ሚስቱ አልነበረችም። ሦስታችን ብቻ ነን። አሚኑ አራቱንም ስፒከሮች ከመጋረጃው ጀርባ ደረደረ። እሱ ይቀያይራል፤ እኛ ሶፋው ላይ ተቀምጠን እንሰማለን።

በመጀመሪያ የክራር ሙዚቃ አጫወተ።

አንደኛው እንደ ቤት ሙቀት ነው፤ የኔ መሆኑን ወዲያው አወቅኩት። ሁለተኛው ሲጀምር ግን... የክራሩ ገመድ ላይ ጣት ሲንሸራተት ሰማሁ። የተጫዋቹን ትንፋሽ ሰማሁ።

"እህስ?" አለ ሰይፉ።

መዋሸት ፈልጌ ነበር። አልቻልኩም።

"ያንተ ይበልጣል" አልኩት።

ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ፍላሹን ከኪሴ ያስወጣኝ።

"አንድ ሌላ አለ" ብዬ ለአሚኑ ሰጠሁት።

ኤደን መዘመር ጀመረች። መጀመሪያ በኔዎቹ።

ሰይፉ ሳቁን አቆመ።

"ይሄ... ከየት አመጣኸው?"

"ስማ ብቻ።"

የመጀመሪያው ስንኝ ሲያልቅ አሚኑ ወደ አዲሶቹ ቀየረው።

ዝናብ መጣ።

የምሬን ነው። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። አሚኑ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥቶ በመስኮት ወደ ውጭ አየ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ዝናቡ ያለው ቀረጻው ውስጥ ነው... ያን ዕለት ዘንቦ ነበር። በኔ ስፒከሮች አንድም ቀን አልሰማሁትም።

ከዝናቡ ሥር ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ምራቋን ስትውጥ ሰማሁ።

ከዚያ ዜማው ብቻ የሚሄድበት ቦታ ላይ ደረሰ። ኤደን ከማይኩ ዞር ብላ በሹክሹክታ ተናገረች።

"ሰይፉ... ማይኩ እየነዘረኝ ነው።"

የወንድ ድምፅ መለሰላት። ከሩቅ፣ ግን ጥርት ብሎ።

"የመሬቱን ሽቦ ቆርጬው ነው። እዝዝ የሚል ድምፅ እያስገባብኝ ነበር። ትንሽ ቻይው፣ ጥርት ያለ ቀረጻ ነው የምፈልገው።"

"እፈራለሁ።"

"ያዢው። አንድ ጊዜ ብቻ።"



አሚኑ ቀስ ብሎ ወደ ሰይፉ ዞረ። "ሱብሃነላህ... ይሄ ያንተ ድምፅ ነው።"

"አጥፋው" አለ ሰይፉ።

"እንዳትነካው" አልኩ እኔ።

ኤደን ሁለተኛውን ስንኝ ጀመረች። መሃል ላይ ቀጥ አለች፤ እስከዛሬ እንደማውቀው። የማጫወቻውን ቆጣሪ አየሁ። አራት ከአሥራ ሁለት። ቁጥሩ ቆሟል።

ዝናቡ ግን አልቆመም።

አሚኑ ፍላሹን ነቅሎ አወጣ። "አለቀ" አለ። እሱ ምንም እየሰማ አልነበረም... ከፊቱ ገባኝ።

እኔ እሰማለሁ። ሰይፉም ይሰማል፤ ጆሮውን ይዞ ነበር። የባጃጆቹ ጩኸት ጠፍቷል። ከግራው ስፒከር ብቻ፣ አንድ ሰው በአፉ ይተነፍሳል። ቀስ ብሎ። መሮጥ እንዳቆመ ሰው።

"ሰይፉ..." አለች።

ድምጿ የቀረጻ አይመስልም ነበር። እዚያው ክፍል ውስጥ ነበረች።

"ና ያዘው።"

ሰይፉ ተነሳ። ፊቱ እምቢ እያለ እግሩ ሄደ። መጋረጃውን ገፋ። ሁለት እጆቹን ዘርግቶ የግራውን ስፒከር ከጎንና ከጎን ያዘ።

የስፒከር ሳጥን እንጨት ነው። እንጨት አይነዝርም። ሥራዬ ነው፣ አውቃለሁ።

ሰይፉ ግን መላቀቅ አቃተው።

ጥርሶቹ ገጠሙ። አንገቱ ተወጠረ። የተቃጠለ ነገር ሸተተ። አሚኑ ሮጦ ሶኬቱን ነቀለ... ምንም አልተለወጠም። ወደ ኮሪደሩ ሮጦ የቤቱን መብራት በሙሉ አጠፋ። ፍሪጁ ዝም አለ። ሰይፉ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

"ቴዲ፣ በእንጨት ምታው!" አለ አሚኑ። "ወንበሩን አንሳ!"

ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው በደረቅ እንጨት መትቶ ማላቀቅ... የኛ ሥራ የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ወንበሩ አጠገቤ ነበር። እጄን ብዘረጋ ይደርሳል።

አልዘረጋሁም።

ተቀምጬ አየሁት። ሰባት ዓመት አሰብኩ። "ተኝታለች" የሚለውን አሰብኩ። ኤደን እንድታቆም አልለመንኳትም።

"እኔ ነኝ" አለ ሰይፉ በገጠሙ ጥርሶቹ መሃል። "እኔ ነኝ የቆረጥኩት... ቴዲ አይደለም... እኔ ነኝ..."

ያኔ እጆቹ ተለቀቁ። ወደቀ።

ባጃጆቹ እንደገና ጮሁ።

መዳፎቹ ላይ ያለውን ቃጠሎ አየሁት። የኤደንን አስከሬን ሲያጥቡ... አክስቴ መዳፏን ገልጣ አሳይታኝ ነበር። ያው ነው። ስፋቱም፣ ቦታውም።

ሰይፉ አልሞተም። ከሆስፒታል በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ እጁ በፋሻ እንደተጠቀለለ ቡታጅራ ሄዶ እናቴ እግር ላይ ወደቀ። ሁሉንም ነገራት። በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ጉባኤው ፊት ቆሞ ተናገረ።

እናቴ በዚያው ምሽት ደወለች። ራሷ።

"ልጄ..." ብላ ብዙ አለቀሰች። ከዚያ፣ "ይቅር በለው፤ ለራስህ ስትል" አለችኝ።

"አልችልም እማ።"

"ምን አደረግከው?"

"ምንም" አልኳት። እውነቴን ነው። ምንም አላደረግኩም።

አዲሶቹን ስፒከሮች ሰይፉ ለኔ ላካቸው። መለስኳቸው። አሚኑም አልቀበልም አለ። የት እንደደረሱ አላውቅም።

ባለፈው ሐሙስ ነው። ስድስት ሰዓት፣ ጠራራ ፀሐይ። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አዲስ በሚሠራው መንገድ በኩል ሳልፍ ሰይፉን አየሁት። ከስቷል። የሲሚንቶ የመብራት ምሰሶ አቅፎ፣ ጆሮውን ለጥፎ ቆሟል። ዓይኑ ተጨፍኗል። ትእዛዝ እንደሚቀበል ሰው ራሱን ይነቀንቃል። አዎ... አዎ... እሺ...

ቀና ብዬ አየሁ። ምሰሶው ላይ ገና ሽቦ አልተዘረጋም።

ልዞር ስል ዓይኑን ገለጠ። ሰባት ዓመት ዓይኔን ያላየ ሰው ቀጥ ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም። እፎይታ ነበር።

"ቴዲ" አለ በሹክሹክታ። "መጣህ። ኤደን አንተን ነው የምትፈልገው።"

ከዚያም አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄደ... ጆሮዬን የማስጠጋበትን ቦታ በመዳፉ ጠርጎ ለቀቀልኝ።