ማሽኑ ያላነበበው ጣት

«ወንድሜ፣ ሰልፉ ከኋላ ነው! እኛ ከንጋት ጀምሮ የቆምነው ለጌጥ መሰለህ?»

ጽዳት ሠራተኛዋ የጮኸችበት ረጅም ሰው ወደ ኢሚግሬሽን ቢሮው መስኮት ሊጠጋ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን በዝምታ ታልፈው ነበር፤ መልኩ የአገሯን ልጅ ስለመሰላት ግን ቁጣዋን አልቆጠበችበትም።

«ተሰልፌ ጨርሻለሁ፤ እጅህን ታጠብ ተብዬ ነው የተመለስኩት» አለና እርጥብ መዳፉን አሳያት። ግድግዳ ለሳኝ ነው፤ ሲሚንቶ ጣቱን ልጦታል።

«ታዲያ እንደዚያ አትልም?»

«መቼ ፋታ ሰጠሽኝ!»

ተራዋ ደረሰ። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ካርድ ለማሳደስ አሻራ ያስፈልጋል። ጣቷን ማሽኑ ላይ አሳረፈች፤ ቀይ በራ። አራቴ ሞከረች፤ አራቴም ቀይ።

«አሻራ የለሽም» አለ ጸሐፊው ቀና ሳይል።

«እንዴት የለኝም? እጄ ይኸው!»

«በረኪና በልቶት ይሆናል። አሥር ቀን ሥራ አትንኪበት፤ ግሊሰሪን እየቀባሽ ቆይተሽ ተመለሺ። ቀጣይ!»

የካርዷ ጊዜ ሊያልፍ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ካልታደሰ ሥራዋን ታጣለች፤ አሥር ቀን ከቀረችም ታጣለች። ኮሪደሩ ውስጥ ቁጣዋ ገነፈለ።

«ደረጃቸውን ስወለውል ያለቀውን ጣት የለሽም ይሉኛል! እጄን አጣጥፌ ብቀመጥማ መች ያኖሩኝ ነበር?»

ለሳኙም በቀይ ተመልሶ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል።

«እኔን አለቃዬ በስልክ የአሥር ቀን እረፍት ሰጥቶኛል» አላት። «አንቺ አሥሩን ቀን ቁጭ በይ፤ ደረጃሽን እኔ እወለውላለሁ።»

«ምን በወጣህ?»

«እዚህ አገር የሚቆጣኝ ሰው አልነበረኝም» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ዛሬ አገኘሁ።»

የሥራ ጓንቷን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ «ለቁጥጥር» እያለች ወደምታጸዳው ሕንፃ ትሄዳለች። እሱ ጣቷን ይዞ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያስጠጋል።

«ዛሬ ሦስት መስመር ወጥቷል።»

«ትናንትም ሦስት ብለሃል።»

«እስቲ እንደገና ልቁጠር።»

እጇን አልነጠቀችውም። አብራት የምትኖረው ወጥ ቤት ሠራተኛ ግን ከመሄዷ በፊት መቀባባቷ አላመለጣትም። «እመቤቴ፣ ግሊሰሪኑ ለጣት ነው የተባለው፤ ከንፈርሽን ቅቢ ብሎ ማን አዘዘሽ?»

እሱ የራሱን እጅ ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ ይከታል። ዓይን አፋርነት መሰላት።

በአሥረኛው ቀን አብረው ሄዱ። የእሷ ጣት ሲያርፍ አረንጓዴ በራ፤ እልል ልትል ምንም አልቀራት። የእሱ ግን ቀይ፤ አሁንም ቀይ። መዳፉን ይዛ ገለበጠችው። ቆዳው ተገሽልጧል፤ የጣቶቹ ጫፍ እንደ ተቀቀለ ነገር ቀልቷል።

«ጓንቱስ?»

«አውራ ጣቴ ላይ ቀረ፤ አልገባም አለ።»

«ሌላ አምጪ አትልም? አንተ ደንቆሮ!»

«ብነግርሽ ደረጃውን ትቀሚኝ ነበራ።»

«አሥር ቀን አርፎ ይመለስ። ቀጣይ!» አለ ጸሐፊው። የለሳኙ ካርድ የቀረው አራት ቀን ብቻ ነበር።

መስኮቱን በጡጫ መታችው።

«ቀጣይ የለም! የዚህ ሰው ጣት ያለቀው ግድግዳችሁን ሲለስን፣ ደረጃችሁን ሲያጥብ ነው። እዚህ መኖሩን ግድግዳው ይመሰክራል፤ የእናንተ ማሽን ማን ስለሆነ ነው የለም የሚለው? አራት ቀን ለቀረው ሰው አሥር ቀን እረፍ ይባላል? ኃላፊውን ጥራልኝ፤ እስከዚያ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!»

ጸሐፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«እህቴ፣ አንቺ ለአመልካቹ ምኑ ነሽ?»

ወደ ለሳኙ ዞረች። እጁን ወደ ኪሱ መመለስ ረስቶ ያያታል።

«ሚስቱ ልሆን ነው!» አለች፤ በር ላይ ያለው ጥበቃ እንኳ ሰምቷል። ለሳኙም ይህን ወሬ የሰማው ገና አሁን ነው።

ጸሐፊው መነጽሩን አስተካከለ።

«ጋብቻው በሌላ ቅጽ ነው የሚሞላው» አለ። «ለእሱም የሁለታችሁ አሻራ ያስፈልጋል።»