ክፍት የሥራ ቦታ፦ ጋምቤላ

አኬሎ ልብሱን ድንጋይ ላይ ታሻለች። ቀና አላለችም።

«ሰው ተከትሎሻል» አለች።

ከይሪያ ምንጣፏን ባሮ ወንዝ ውስጥ ነከረች። ዞር ብላ አላየችም። ሰላይን የሚያስበላው ዞር ማለት ነው።

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ቢጫ ኮፍያ። ሞተር ላይ ነው፣ ዛፉ ሥር።»

«ይሁን። ቃሉን ስጪኝ።»

እሁድ ጠዋት ነበር። ዳርቻው በልብስ አጣቢና በገላ ታጣቢ ተሞልቷል። ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ሲያጥቡ ማንም ነገሬ አይላቸውም። አኬሎ ሳሙናውን አረፋ እያስወጣች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«‹ውሃ የማይፈራ ሹፌር›። ሆቴላችን ያደረ እንግዳ ስልኩ ላይ ሲያነበው ሰማሁ። ልክ እንደዚህ ነው ያለው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ወንድሜ የሄደበት ነገር ነው። እንዴት እረሳለሁ?»

አኬሎ መሃል ከተማ ባለ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት። ወንድሟ አኳይ ሹፌር ነበር። ክረምት ሳይገባ «ለዲማ ወርቅ ማውጫ መኪና ልነዳ ነው» ብሎ ወጣ። ስልኩ በማግሥቱ ጠፋ። ከእሱ በኋላም ሌሎች ሄዱ። ከድንበር ማዶ ያመለጠ አንድ ሰው ብቻ፣ ዲማን እንዳላዩ፣ መሣሪያ አሸክመው ለማያውቁት ጦርነት እንዳሰለፏቸው ተናገረ። ቀጣሪው «ታሪማ ትራንስፖርት» የሚባል ድርጅት ነው። ቢሮ የለውም። ያለው ድረ ገጽ ነው፤ እዚያም ላይ ክፍት የሥራ ቦታ የሚባል ነገር አይታይም።

ከይሪያን ወደ ጋምቤላ ያመጣት ይህ ድርጅት ነው፤ አኳይ ከመሄዱ በፊት ጀምሮ ትከታተለዋለች። ስሟ ከይሪያ አይደለም። በከተማው ዘንድ ገበያው አጠገብ ኮምፒዩተር ቤት የከፈተች ነጋዴ ናት፤ ሲቪ ትጽፋለች፣ ሥራ ላጣ ሥራ ትፈልጋለች፣ በቴሌግራም ቻናሏም ማስታወቂያ ታወጣለች። በስለላ መሥሪያ ቤቷ ዘንድ «ሸምበቆ» ናት። ፊቷን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አለቃዋ «ካፒቴን»።

ምንጣፉን ጨምቃ ተነሣች።

ሞተሩም ተነሣ።

ኮምፒዩተር ቤቷ ገብታ በሩን ገርበብ አደረገች። ቃሉን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብታ ጻፈች። እንዲያ ሲጻፍ ጎግል ቃላቱን በዚያው ቅደም ተከተል ካላገኘ አያመጣም። ምንም አልመጣም። ፍለጋውን በታሪማ ድረ ገጽ ብቻ ወሰነችው። ምንም። ጎግል የዘለላቸውን ውጤቶች ጭምር አስመጣች፤ ፒዲኤፍ ብቻ።

አንድ መጣ።

ከመነሻ ገጹ ወደዚህ ፋይል የሚያደርስ በር የለም። ሊንኩ የሚሰጠው ለተመረጠ ሰው ነው። ጎግል ግን በጓሮ ገብቶ አይቶታል። «ውሃ የማይፈራ ሹፌር፣ ለዲማ። መነሻ፦ እሁድ ስምንት ሰዓት፣ አቦቦ መንገድ፣ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ። ሲሳፈሩ ስልክዎን ያስረክባሉ።»

እሁድ። ዛሬ።

ለካፒቴን ደወለች።

«ዕቃው ተገኝቷል፣ ጋሼ። ስምንት ሰዓት፣ አቦቦ መንገድ።»

ሳል አለው።

«ጎሽ፣ ልጄ። ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ። ፖሊስ ጋ እንዳትሄጂ፣ ውስጡ ሰው አላቸው። ሰባት ተኩል ላይ አሮጌው ወደብ ጠብቂኝ። ኮምፒዩተሩን ይዘሽ ነይ።»

«ኮምፒዩተሩን ለምን?»

«ይዘሽ ነይ አልኩሽ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ካፒቴን ሱሌማን ይባላል። አባቷ የሞቱ ጊዜ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ያደረው እሱ ነው። ሥራውን ያስተማራትም እሱ ነው። እስከ ዛሬ አንድም ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው መሃል፣ ዕቃ ይዘሽ ነይ ብሏት አያውቅም።

እጇ ወደ ኮምፒዩተሩ ተመለሰ። ሥራ ፈላጊዎችን የምትመክረው ነገር ነበር፦ አንድ ማስታወቂያ የደበቀ ሁለተኛም ይደብቃል። ያንኑ ፍለጋ መልሳ ጻፈች፤ ጥቅሱን ከነቃሉ አወጣች፣ «ሹፌር» የሚለውን ብቻ አስቀርታ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አደረገች። ሹፌር የሌለበትን ሁሉ አምጣ ማለት ነው።

ሌላ ፒዲኤፍ ወጣ።

«የኮምፒዩተር ቤት ኃላፊ። ሴት፣ አማርኛና አረብኛ የምትናገር። ቦታ፦ ጋምቤላ፣ ገበያው አጠገብ። አሁን ያለችው በዚህ ሳምንት ትለቃለች።»

ገበያው አጠገብ ያለው ኮምፒዩተር ቤት አንድ ነው።

የእሷ።

ከሥር ስልክ ቁጥር ነበር። ሱሌማን ለክፉ ቀን ብሎ በቃሏ ያስጠናት ቁጥር። ከሁለታቸው በቀር የሚያውቀው የለም።

ለረጅም ጊዜ አየችው። ቁጥር ሊሰረቅ ይችላል፣ አለች ለራሷ። ወጥመድም ሊሆን ይችላል። ጋሼ አያደርገውም።

ማረጋገጥ አለባት።

ሁለቱን ፋይሎች ስልኳ ላይ ጫነች። ኮምፒዩተሩን አጸዳችና ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። ቢጫ ኮፍያው በር ላይ ነበር። በጓሮ ወጣች። ጨርቃ ጨርቅ ተራ ገብታ በጎረቤቷ በሰዓድ ሱቅ በኩል ሾለከች። ሰዓድ ከጥቅሎቹ ኋላ «ከይሪያ፣ ሰላም ነው?» አላት። «ደኅና፣ ወንድሜ» ብላ በሌላው በር ወጣች። ባጃጅ ያዘች።

አኬሎን ሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አገኘቻት። ማስታወቂያውን አሳየቻት።

«በአንቺ ስልክ ደውዪለት። ሥራ ፈላጊ ነሽ። ስምሽ ፈይዛ ነው በይ። ድምፁን ቅጂው።»

«አረብኛ ቢያወራኝስ?»

«አያወራሽም። ቸኩሏል።»

አኬሎ ደወለች። ስልኩን አጣጥፋ ካስቀመጠችው አንሶላ ላይ አኖረችው፤ ሁለቱም ሰሙ።

«ሃሎ?»

ከይሪያ ዓይኗን ጨፈነች። እሱ ነው።

«ስለ ኮምፒዩተር ቤቱ ሥራ ነበር» አለች አኬሎ። «ሰው ነው ቁጥሩን የሰጠኝ። ፈይዛ እባላለሁ።»

«እሺ ፈይዛ። ከነገ ጀምሮ መግባት ትችያለሽ?»

«እችላለሁ። የነበረችው ሴትዮ ግን?»

«ዛሬ ትለቃለች። እሷን አታስቢ።»

«ሥራው ምንድን ነው?»

«ቀላል ነው። ሥራ ፈላጊ ሲመጣ ጎበዝ ሹፌር የሆነውን፣ ጠያቂ ዘመድ የሌለውን እየመረጥሽ ስሙን ለእኔ ትልኪያለሽ። የነበረችውም ይህንኑ ነው ስትሠራ የቆየችው። እስከ ዛሬ የሄዱትን ሹፌሮች ሁሉ የሰጠችን እሷ ናት።»

አኬሎ ቀስ ብላ ከይሪያን አየቻት።

«እሺ» አለች ወደ ስልኩ። «አመሰግናለሁ።»

ከውጭ ጄኔሬተር ይጮሃል።

ሱሌማን ስሞቹን የሚጠይቃት «ማን ሊወሰድ እንደሚችል አስቀድመን እንድናውቅ» እያለ ነበር። እንድንጠብቃቸው። እያንዳንዱን ስም የላከችው በገዛ እጇ ነው።

«አኳይ አንቺ ቤት ነው ሲቪ ያጻፈው» አለች አኬሎ።

«አዎ።»

«ስሙን ላክሽ?»

«ላክሁ።»

«ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር፣ አኬሎ። ወላሂ አላውቅም ነበር።»

አኬሎ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አላለቀሰችም። ስታነሣው ሌላ ሰው ሆና ነበር።

«መኪናው ስምንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት ሰዓት።»

«ጸሎት የሚያልቀው ሰባት ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰው አለ። ልጃቸው የጠፋባቸው እናቶች አሉ። ድምፁን ለፓስተሩ አሰማዋለሁ። መኪናውን እናስቆመዋለን። ከዚያ በኋላ ግን ፊትሽን አታሳዪኝ።»

ከይሪያ ቅጂውን ወደ ስልኳ ወሰደች። ስለ እሷ የተነገረውን ቦታ ቆርጣ ማውጣት ትችል ነበር። ጣቷ እዚያ ላይ ቆመ። የተቆረጠ ድምፅ ግን ማንም አያምንም፤ ሱሌማንም «ተቆርጦ የተቀጠለ ነው» ብሎ ያመልጣል። እንዳለ ተወችው። ሁለቱን ማስታወቂያዎችና ድምፁን ቻናሏ ላይ አዘጋጅታ ሰባት ተኩል ላይ ራሱ እንዲለጠፍ አደረገችው። ከዚያ በፊት ከወጣ እናቶቹ ሳይደርሱ መኪናው ያመልጣል። እስከዚያ ደግሞ ሱሌማን ከዓይኗ መራቅ የለበትም።

ወደ ወደቡ ሄደች።

ሱሌማን ከጥንቱ የመርከብ ማቆሚያ አጠገብ ጥላ ሥር ተቀምጧል። እግሩ ሥር ሞተር ያላት ትንሽ ጀልባ ታስራለች። ቢጫ ኮፍያው ከኋላው ቆሟል። ቀኝ እጁ ከሸሚዙ ሥር ነው።

«መጣሽ፣ ልጄ» አለ። «ኮምፒዩተሩ?»

ቦርሳውን ሰጠችው። ወደ ጀልባዋ ወረወረው።

«ግቢ። እዚህ ተነቅቶብሻል። ላወጣሽ ነው።»

«ወዴት?»

«ትጠይቂያለሽ እንዴ?»

«የማን ነው ጀልባው? የታሪማ?»

ፈገግታው ቀስ ብሎ ጠፋ። አልካደም። ያ ነው ይበልጥ ያመማት።

«ለማን ልትነግሪ ነው?» አለ። «መሥሪያ ቤቱ መልክሽን አያውቅም። ስምሽን አያውቅም። ፋይልሽ እኔ ነኝ። እኔ የለችም ካልሁ የለሽም።»

«አባቴ ቤት ለቅሶ ተቀምጠህ ነበር፣ ጋሼ።»

«ያኔ ሌላ ነበር።»

ስልኩ ጮኸ። አየና ዘጋው። እንደገና ጮኸ። የቢጫ ኮፍያውም ጮኸ። ከወዲያ ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ወጣቶች ስልካቸው ላይ ተሰበሰቡ። የራሱ የሱሌማን ድምፅ ከአንዱ ስልክ ወጣ፦ «ዛሬ ትለቃለች። እሷን አታስቢ።»

ሱሌማን ብድግ አለ።

«ምን አደረግሽ?»

«ማስታወቂያ አወጣሁ» አለች ከይሪያ።

የቢጫ ኮፍያው እጅ ከሸሚዙ ወጣ።

ሽጉጥ።

ወደ ኋላ አልሮጠችም። ወደ ውሃው ገባች፤ ልብስ ወደሚያጥቡት ሴቶች መሃል። ወንዙ ወገቧ ደረሰ። አንዲት ሴት ጮኸች። ዳርቻው ሁሉ ዞረ። ያ ሁሉ ዓይን ባለበት ቢጫ ኮፍያው አነጣጥሮ ሳይተኩስ ቀረ። ከዚያ ሽጉጡን ጣለና ወደ ሞተሩ ሮጠ።

የጀልባዋ ሞተር ተነሣ።

ሱሌማን ሩቅ አልሄደም። ድልድዩ ሥር ድምፁን የሰሙ ዓሣ አጥማጆች በታንኳቸው መንገድ ዘጉበት። ፖሊሶች እስኪደርሱ ድረስም ማንም መንገድ አልለቀቀለትም። ፖሊስ ውስጥ ሰው አላቸው ያለውም ውሸት ነበር።

አቦቦ መንገድ ላይ የጭነት መኪናው ቆሟል። የእሁድ ልብሳቸውን የለበሱ እናቶች ጎማው ፊት አስፋልቱ ላይ ተቀምጠዋል። ከላይ ያሉት ወንዶች አንድ በአንድ ወረዱ። ኦቹዶ የሚባል ወጣት እናቱ ጉልበት ላይ ወደቀ። አኬሎ ግን የሚወርደውን ሁሉ ፊቱን እያየች መጨረሻው ድረስ ቆመች። አኳይ አልነበረም። እንደማይኖር ታውቅ ነበር። ግን አየች።

ከይሪያ ራቅ ብላ፣ እርጥብ ሻርፗን ፊቷ ላይ ስባ ተመለከተች። መቅረብ አማራት። አልቀረበችም።

ወደ ገበያው ስትመለስ ኮምፒዩተር ቤቷን ሰብረውት አገኘች። ወንበሩና ፕሪንተሩ መንገድ ላይ ተጥለዋል። ሰዓድ ከሰው መሃል ቆሞ «አብረናት ነው የኖርነው፤ አብረናት!» ይላል። ሳያያት ወደ ኋላ አፈገፈገች። ፋይሏ ካቴና ውስጥ ገብቷል። ለመሥሪያ ቤቱ የለችም፤ ለከተማው ልጆቹን የሸጠች ሴት ናት። እውነቱን የምታውቀው አኬሎ ብቻ ናት፤ እሷም ፊትሽን አታሳዪኝ ብላለች።

አመሻሽ ላይ ወደ መቱ በሚወጣው የመጨረሻ ሚኒባስ ተሳፈረች። ሻንጣ አልያዘችም። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ከኢታንግ ዘመድ ጠይቃ የምትመለስ ነበረች። መኪናው ባሮን ተሻግሮ ዳገቱን ሲጀምር ስልኳን ከፍታ ድምፁን ሰማች። ራሷን ነቀነቀች።

«ይህን ጉድ ሰማሽ? ያቺ ባለ ኮምፒዩተር ቤት እኮ ናት የሰው ልጅ ስትሸጥ የኖረችው። ይሄ ሰውዬ እንኳ ተይዟል፤ እሷ ናት ያመለጠችው።»

«እ» አለች ከይሪያ።

«እግዚአብሔር ይይላት። ከዚያው ከጋምቤላ አይደለሽ? ታውቂያታለሽ?»

ከይሪያ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ከተማው ከታች መብራቱን ማብራት ጀምሯል።

«አላውቃትም» አለች።