ያልደረቀው ጀሶ

መርማሪዋ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ሰው በድንጋይ ሊወገር ትንሽ ነበር የቀረው። ሊወገር የነበረው ሌሊት እዚያ ውስጥ የተገደለው ሰው ልጅ ነው። ፖሊሶች መሀል አስገብተውት ጀርባውን ግድግዳ ላይ ለጥፏል፤ ቢጫ ሄልሜቱ መሬት ወድቆ ይረገጣል። ለወራት «ሲኒማችን አይፈርስም» የሚል ጨርቅ ዘርግቶ ሲዘምር የከረመው ሕዝብ ዛሬ የልጁን ደም ይፈልጋል። እናቱ ከሁሉም ፊት ቆማለች። አላለቀሰችም። «አንተን እኔ አልወለድኩህም» አለችው፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጋ። ከዚያም ፊቱ ላይ ተፋችበት።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም። ሰዉን በክርኗ እየገፋች አለፈችና ሄልሜቱን ከእግር ሥር አንስታ ይዛው ገባች። አንዱ ከኋላዋ «አሁን ደግሞ ሊያስመልጡት ነው» ብሎ አጉረመረመ። ዞር ብላ ስታየው ጫማውን ያጠና ጀመር።

ሬሳው ከአዳራሹ በስተግራ፣ ግድግዳው ሥር ተጋድሟል። ሟቹ ጡረታ የወጣ የሂሳብ መምህር ነው። የሰፈሩ ሰው ግማሹ በእሱ እጅ አልፏል፤ ግማሹ ደግሞ በእሱ እጅ ወድቋል፤ ሁለቱም ወገን «መምህር» ብሎ ነው የሚጠራው። አሮጌው ሲኒማ ቤት ፈርሶ ፎቅ ይሠራበታል ሲባል ኮሚቴ ያቋቋመውና ከፍርድ ቤት እግድ ያወጣው እሱ ነው፤ ሌሊት ሌሊት እዚሁ እየተኛን በተራ እንጠብቅ ያለውም እሱ ነው። ትናንት ተራው የራሱ ነበር። ማጅራቱን ተመቷል። አጠገቡ አንድ ድጅኖ ወድቋል፤ ጫፉ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ቀይ ቀለም የማፍረሻ ድርጅቱ ምልክት ሲሆን፣ ልጁ ደግሞ የዚያው ድርጅት ፎርማን ነው። አባትና ልጅ በዚህ የተነሳ ከተኮራረፉ ቆይተዋል።

«ነገሩ አልቋል» አለ የኮሚቴው ጠበቃ፣ ክራቫቱን እያስተካከለ። «ጠዋት ሬሳው ላይ ቆሞ ነው የተያዘው። ብረቱ የእሱ ነው። ምክንያቱን ደግሞ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ቢጠይቁ ይነግርዎታል።»

«መንገድ ላይ ያለውንማ ሰምቼው ነው የገባሁት» አለች መርፌ። «እሱ ሆኖ ባይገኝ ይከፋዎታል?»

ጠበቃው ፈገግ ለማለት ሞክሮ አልሆነለትም። የፍርድ ቤቱ ባለሙያ በማግስቱ መጥቶ ግድግዳውን እንዲያይ ተቀጥሯል። ግድግዳው ካልተንቀሳቀሰ ቤቱ ይተርፋል፤ ከተንቀሳቀሰ ይፈርሳል። አፍራሹ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ከተገኘ ግን ፍርድ ቤቱ ስለ ግድግዳ ማን ያስታውሰዋል? ጠበቃው ይህን ንግግር በልቡ እያረቀቀ እንደነበር ፊቱ ያስታውቃል፣ ያውም ወዳጁ መሬት ላይ ተዘርሮ።

ልጁን ፊልም ማጫወቻው ክፍል አስገብታ አነጋገረችው። እጁ በካቴና ስለታሰረ የእናቱን ምራቅ ከፊቱ አልጠረገውም፤ እዚያው ደርቋል።

«ለምን መጣህ?»

«አባቴ ጠርቶኝ።»

«አባትህ እንዳኮረፈህ እኮ አገር ያውቃል።»

«ትናንት አመሻሽ ላይ ደወለ። በስህተት የነካው መስሎኝ ነበር። ‹ጠዋት ና፣ ግድግዳውን እይልኝ፤ እባክህ› አለኝ። አባቴ እባክህ ማለት አያውቅም። ሲጠራኝም ከዚያች ቃል በቀር ሌላ አልሰማሁም። ስመጣ ወድቋል።»

«ለፖሊሶቹ ነግረሃቸዋል?»

«ነገርኳቸው። ሳቁብኝ።»

መርፌ አልሳቀችም፤ አመነችውም ለማለት አይቻልም። ስልኩ መደወሉን ያሳያል፣ የተባለውን ግን አያሳይም። ድጅኖውን ስትጠይቀው በር ላይ ግርግር የተነሳ ቀን ከእጃቸው እንደጠፋና ማን እንደወሰደው እንዳላየ ነገራት። ይህንንም የሚያምነው የለም።

ከዚያ ወደ ትኬት መሸጫዋ ሄደች። ትኬት ሻጯ ዕድሜዋን ሙሉ በዚያች መስኮት ውስጥ የኖረች ሴት ናት፤ ሲኒማው ከተዘጋም በኋላ በየቀኑ እየመጣች እዚያው ትቀመጣለች። ጠዋት በሩን ክፍት አግኝታ የገባችውና ልጁን ሬሳው ላይ አይታ የጮኸችው እሷ ናት። ጩኸቷን አሁንም አልጨረሰችም። ስለ ልጁ ክፋት፣ ገና በሕፃንነቱ ትኬት ሳይቆርጥ ሾልኮ ይገባ እንደነበር ሁሉ አንድ ባንድ አስረዳቻት። መርፌ እየሰማች ዓይኗን ከሴትዮዋ ጀርባ ካለው ነጭ ግድግዳ ላይ አልነቀለችም።

«እትዬ፣ እዚያ ጥግ ተደግፎ የነበረው ምንድን ነው?»

«ጃንጥላዬ።»

«ጃንጥላዎ ይዝጋል? ጫፉስ ቀይ ቀለም አለው?»

ሴትዮዋ ዞር ብላ አየች። ግድግዳው ላይ ረጅም የዝገት መስመር ወርዷል፤ ከሥሩ ቀይ ነገር ነክቶታል። ከዚያ ወዲያ መካድ አልቻለችም። በግርግሩ ቀን ከሠራተኞቹ አንዱን ታግላ ድጅኖውን የነጠቀችው ራሷ ናት፤ ለኮሚቴው ሁሉ እንደ ዋንጫ ስታሳይ ከርማለች። መሸጫዋ ደግሞ ቁልፍ ኖሯት አያውቅም።

«ለምን ደበቁኝ?»

«እና ልንገርሽና ልጁን ነጻ ልታወጪልኝ ነው?» አለች ትኬት ሻጯ፣ ዓይኗን ሳትሰብር። «ብረቱን ማን አነሳው ምን ያደርግልሻል? ቤታችንን የሚያፈርስ ሰው አባቱን ቢገድል ምን ይገርማል?»

መርፌ በዚህች ሴት ተናደደች፤ ስትናደድ ግን ድምጿ ይበልጥ ዝቅ ይላል። «ያደርግልኛል እትዬ» ብላት ወጣች።

አዳራሹ ውስጥ ከኮሚቴው አባላት አንዱ የሆነው ጀሶ ሠሪ ብቻውን ቆሞ ኮርኒሱን ቀና ብሎ ያያል። የሚታይ ኮርኒስ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር በጀሶ የተሠራ የወይን ሐረግ፣ የቅጠሉ ደም ሥር ሳይቀር ተለይቶ የሚታይ። የሠሩት አባቱ ናቸው። እሱም ያንኑ ሙያ ወርሶ ሸምግሏል፤ በሰፈሩ ክፉ ቃል የማይወጣው ሰው እሱ ብቻ ነው ይላሉ። ከመምህር ጋር ትናንት ከሰዓት በኋላ እንደተለያዩና ከዚያ ወዲያ እንዳላየው ነገራት። ግድግዳው ላይ ስለተለጠፉት የጀሶ ቁራጮች ስትጠይቀው ፊቱ በራ፤ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ደስ የማይለው ባለሙያ የለም።

«ግድግዳው ይሄዳል አይሄድም የሚለውን ለማወቅ ነው» አላት። «ስንጥቁ ላይ ጀሶ ይለጠፋል። ጀሶ አይለጠጥም። ግድግዳው ፀጉር ታህል ከሄደ ጀሶው ለሁለት ይከፈላል።»

«እርስዎ ነዎት የለጠፉት?»

«መምህር ነው። እኔ ልሥራልህ ስለው፣ ‹አንተ ካሳመርከው ስንጥቅ ሸፈናችሁ ይሉናል፣ ባይሆን እኔው ላበላሸው› ብሎ እምቢ አለኝ።»

ቁራጮቹ አራት ናቸው። ሦስቱ ተጠፍጥፎ እንደተወረወረ ሊጥ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል፤ አጠገቡ የሚፈርሰው ቤት አቧራ ሰፍሮባቸው ግራጫ ሆነዋል። አራተኛው ሬሳው ከወደቀበት በላይ ነው። መርፌ መዳፏን አራቱም ላይ በየተራ አሳረፈች። ይህ አልበቃ ብሏት ጉንጯን አስጠጋች። በሩ ላይ የቆሙት ፖሊሶች ተያዩ፤ አንደኛው ጣቱን ጆሮው አጠገብ አሽከረከረ።

«አንድ ባልዲ ጀሶ አምጡልኝ» አለቻቸው። «ሰዎቹንም ጥሩልኝ።»

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሁሉም ግድግዳው አጠገብ ተሰበሰቡ። እናትየው ከልጇ በጣም ርቃ ቆመች፤ ከውጭ የሰዉ ጩኸት ይሰማል። መርፌ ሄልሜቱን ፊት ለፊት ካለው መቀመጫ ላይ አኑራ፣ የተበጠበጠውን ጀሶ እያሳየች እያንዳንዳቸው ግድግዳው ላይ አንድ አንድ ቁራጭ እንዲለጥፉ ጠየቀች። ጠበቃው ይህ በየትኛው ሕግ እንደተጻፈ ሊያውቅ ፈለገ። በየትኛውም እንዳልተጻፈና እምቢ ካለ ግን እምቢታውን እንደምታስታውሰው ነገረችው። በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ ለጠፈ። ትኬት ሻጯ በጥፊ የምትመታ ያህል አሳረፈችው። ልጁ ካቴናው እየያዘው ጠፈጠፈ። ጀሶ ሠሪው የመጨረሻው ነበር። አንድ ጭብጥ አፈሰና ከሁሉም የባሰ አስቀያሚ አድርጎ ወርውሮት፣ እጁን በሱሪው ጠርጎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ከብረቱ ልጀምር» አለች። «ይህ ድጅኖ ትናንት የነበረው በትኬት መሸጫዋ ውስጥ ነው። እትዬ ነጥቀው ያስቀመጡት ነው። እዚያ መኖሩን የሚያውቀው ኮሚቴው እንጂ ፎርማኑ አይደለም።»

እናትየው ቀና አለች። ትኬት ሻጯ «እኔ ምን አውቄ» ብላ ጀመረችና ማንም ስላልሰማት ተወችው።

«ሁለተኛ። እነዚህ ሦስት ቁራጮች ደረቅ ናቸው፣ አቧራ ጠጥተዋል። ይህ አራተኛው ንጹሕ ነው፤ ጉንጫችሁን ብታስጠጉት ይቀዘቅዛችኋል። ጀሶ ወዲያው ይጠነክራል እንጂ ቶሎ አይደርቅም። ትናንት ማታ የተለጠፈ ነው። ስለዚህ የድሮው የት ሄደ?»

መልስ ሳትጠብቅ ከፖሊሱ ቢላ ተቀብላ አራተኛውን ቁራጭ ከግድግዳው ፈለቀቀችው። ከሥሩ ያለው ስንጥቅ ጣት ያስገባል። ጠበቃው ትንፋሹን ዋጠ። ልጁ በካቴና እንደታሰረ ወደፊት ተንጠራርቶ አየ፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

«የድሮው ተሰብሮ ነበር» አለች መርፌ። «መምህር ትናንት ያየው ይህንን ነው። ቤቱ እየወደቀ መሆኑን አወቀ። ለዚህ ነው ግድግዳ የሚያውቅ ሰው የፈለገው፤ ለዚህ ነው ያኮረፈውን ልጁን እባክህ ብሎ የጠራው። እንግዲህ ራሳችሁ ፍረዱ። ቤቱን ማፍረስ የሚፈልግ ሰው ይህንን ስንጥቅ አግኝቶ ይሸፍነዋል? መንገድ ላይ ወጥቶ ያሳየዋል እንጂ። የሸፈነው ቤቱ እንዲተርፍ የሚፈልግ ሰው ነው። ከእናንተ አንዱ።»

ማንም ማንንም አላየም። ለወራት አንድ ላይ የዘመሩ ሰዎች እርስ በርሳቸው አንድ እርምጃ ተራራቁ።

«የቀረው ማን የሚለው ነው» አለች፣ የፈለቀቀችውን ቁራጭ አገላብጣ እያሳየች። «መምህር የለጠፈው ሊጥ ይመስላል። የእናንተም ሊጥ ነው። ይህኛው ግን ጠርዙ ዙሪያውን በአውራ ጣት ተስሎ፣ ግድግዳው ላይ እስኪጠፋ ድረስ ሳስቷል። የገደለው ሰው ቸኩሏል፣ ፈርቷል፣ እጁ ላይ ደም አለ። እንደዚያም ሆኖ ጠርዙን ሳያስተካክል መሄድ አልቻለም።»

ከዚያ ዓይኗን ከእነሱ አንስታ ወደ ግድግዳው ጣለች። ሰዎቹም የምታየውን ለማየት ዞሩ። ጀሶ ሠሪው፣ ለመስማት የቀረበ መስሎ፣ ግድግዳው ሥር ደርሷል። የወረወረው አስቀያሚ ቁራጭ ሊጠነክር ነው። አውራ ጣቱ ጠርዙ ላይ ቀስ ብሎ እየሄደ ነበር።

«ጋሼ» አለችው መርፌ። «እጅዎን ይዩት።»

ጀሶ ሠሪው እጁን አየ። ቁራጩ ግማሹ ጉብ እንዳለ ነው፤ ግማሹ ሳስቶ ግድግዳው ውስጥ ገብቷል። የያዘችውን ቁራጭ አጠገቡ አስጠግታ ያዘችለት። ጣቱን ወዲያው አላነሳም፤ ቀሪዋን ጨርሶ ነው ያነሳው።

«ለባለሙያው እኔው ራሴ አሳየዋለሁ አለኝ» አለ፣ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ። «ሰው ገብቶበት ከሚወድቅ ባዶውን ይፍረስ አለኝ። ጉልበቱን ይዤ ለመንኩት። አባቴ ዓይኑን ያጣው እኮ ይህንን ኮርኒስ ሲሠራ ነው። መምህር ቀና ብሎ እንኳ አላየልኝም፤ ስንጥቁን ነው የሚያየው።»

«ልጁስ?» አለች እናትየው። «ልጄን ሊወግሩት ሲሉ እዚያ ቆመህ ታይ ነበር።»

«እሱ ከታሰረ ቤቱ የሚተርፍ መስሎኝ ነበር» አለ ጀሶ ሠሪው፤ ያፈረም አይመስልም። ሲወስዱትም ኮርኒሱን እያየ ስለነበር በየመቀመጫው እየተደናቀፈ ወጣ።

የልጁን ካቴና ፈቱለት። ወደ ማንም አልዞረም። መጀመሪያ ስንጥቁ ዘንድ ሄዶ ጣቶቹን አስገባ፣ እስከ ኮርኒሱ ድረስ በዓይኑ ተከተለው፣ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። ከዚያ ሁሉም አሁኑኑ እንዲወጡ፣ ኮርኒሱ በዚህ በኩል ምንም የያዘው ነገር እንደሌለ ተናገረ። ጠበቃው ቀድሞ ወጣ። ትኬት ሻጯ «ይኸው፣ ዞሮ ዞሮ ሊያስወጣን» ብላ አልፋው ሄደች፤ ይቅርታም አልጠየቀችው።

እናትየው ቀረች። ቀርባ የደረቀውን ምራቋን በእጅጌዋ ልትጠርግለት እጇን ዘረጋች። ልጁ ፊቱን አዞረ።

«ልጄ» አለችው።

«ውጪ እማዬ» አላት። «ግድግዳው እየሄደ ነው።»

እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ልጁ መቀመጫው ላይ ያለውን የተረገጠ ሄልሜት አነሳ፤ አቧራውን በክንዱ ጠርጎ እናቱ ራስ ላይ አደረገው፣ ማሰሪያውንም ከአገጯ ሥር አጠበቀላት። ፊቷን ግን አላየም። ከዚያ ክንዷን ይዞ፣ አባቱ የወደቀበትን አልፎ፣ ወደ በሩ ወሰዳት።