ሬዲዮ ዝም ሲል

ጥርሱን ባያመው ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ ነበር።

ልጅቷ በአንድ የጥርስ ክሊኒክ ካርድ ክፍል ትሠራለች። ሰውየው ጉንጩ አብጦ፣ በመሐረብ ደግፎት ገባ። ስሙን ስትጠይቀው መናገር ስላቃተው መታወቂያውን አውጥቶ ሰጣት። ሐኪሙ ዘግይቶ ነበርና ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀምጠው ቆዩ። ከካርዶቹ ሥር የደበቀችውን ወረቀት ስትስብ አያት። በዓይኑ «ምንድን ነው?» አላት።

ለእናቷ እንኳ ያልነገረችውን ነገረችው። ልቦለድ እየጻፈች ነው። ጀምራ ትተዋለች፣ ትታ ትጀምራለች። የጻፈችውን መልሳ ስታነብ ታፍራለች፤ ሰው ቢሰማ «ማን ነኝ ብላ ነው?» ይለኛል ብላ ትፈራለች። እሱ ዓይኑን ሳይነቅል አዳመጣት። እንዲህ ያለ ጭምት ወንድ አይታ አታውቅም። ማታ ስትተኛም ያ ያበጠ ጉንጭ ትዝ እያላት ፈገግ አለች።

ምስኪን! ሰውየው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሰፈሩ የሚያውቀውም «ሬዲዮ» በሚል ስም ነው። ጥርሱ ተነቅሎ እብጠቱ ሲጎድል ሥርጭቱ ቀጠለ።

«የኔ እህት፣ ደራሲ ነሽ አሉ!» አላት ዳቦ ሻጩ።

«አለቀ?» አላት ጫማ ሰፊው።

ሐኪሙ ሳይቀር፣ በሽተኛው አፉን ከፍቶ እየጠበቀው፣ «መቼ ነው የምናነበው?» ብሎ ጠየቃት።

ከዚያ ወዲያ ብዕሯን ባነሣች ቁጥር ሰፈሩ በሙሉ ከጀርባዋ ቆሞ የሚያይ ይመስላታል። የጻፈችውን ወዲያው ትሰርዛለች። እናቷም ሰምታ ኖሮ፣ «ልጄ፣ ልቦለድ ሥራ የፈታ ሰው ነገር ነው። ደግሞ ከሬዲዮ ጋር ምን አገናኘሽ? አፉን ያልያዘ ሰው ቤት አይዝም» አለቻት።

እየተብከነከነች ፀጉር ቤቱ ድረስ ሄደች። አንድ ደንበኛ ፊቱ በአረፋ ተሸፍኖ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል።

«አንተን አምኜ ነበር!»

«ምን አጠፋሁ?»

«ለሰው ሁሉ አወራህ! አሁን አንዲት ቃል መጻፍ አልቻልኩም። ገደልከው!»

ምላጩን አስቀመጠ። «ኮርቼብሽ እኮ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ የማውቀው ሰው መጽሐፍ ሲጽፍ አይቼ አላውቅም። ሆዴ አልችል አለኝ።»

ይህን ሲላት አፏ ላይ የደረሰው ስድብ ጠፋባት። ንዴቷ አልበረደም፤ ግን እስከዚያን ቀን ድረስ ማንም ኮርቶባት አያውቅም ነበር።

በማግስቱ ክሊኒኩ ድረስ መጣ። ፀጉር ቤቱን የሚከፍተው ረፋድ ላይ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት እዚያ ብትጽፍስ? ማንም አይገባም፣ ማንም አይጠይቃትም አላት።

«አንተስ?»

«እኔ አፌን እዘጋለሁ።»

«አንተ?»

«ጥርሴን ነክሼ» አለ። «የቀሩትን ማለቴ ነው።»

ሳቀች፤ ሄደችም። እሱ ፎጣ ያጥፋል፣ ወለል ይጠርጋል፤ እሷ ከመስታወቱ ሥር ባለችው ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ትጽፋለች። ደንባቸው አንድ ብቻ ነው፤ አማረም አላማረም፣ ገጹ ሳይሞላ መነሣት የለም። ሲያቅታት ቀና ትልና በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ለዓይን ይጋጠማሉ። እሱ ከንፈሩን ግጥም አድርጎ በአገጩ ወደ ወረቀቱ ይጠቁማታል። ትጽፋለች። እንዲህ እንዲህ እያለ ገጹ ምዕራፍ ሆነ። ፍርሃቱ አልለቀቃትም፤ አብሯት ይመጣል፣ አብሯት ይቀመጣል። ብቻ አሁን ሌላም አብሯት የሚቀመጥ አለ። ወደደችው። እሱም እንደወደዳት ታውቃለች፤ ግን ትንፍሽ አይልም። ሰፈሩ ደግሞ «ሬዲዮን ምን ነካው?» እያለ ይጨነቃል።

የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስትደርስ አንድ የእሱ ደንበኛ ጥርሱን ሊታከም መጣ።

«ሬዲዮ ከሄደ እንግዲህ ማን እንደሚያስተካክለን እንጃ» አላት ካርዱን ስትፈልግለት።

«የት ነው የሚሄደው?»

«የተከራየው ፀጉር ቤት ተሸጧል እኮ! በወሩ መጨረሻ ወንድሙ ያለበት ከተማ ሄዶ ሊሠራ ነው። አልነገረሽም እንዴ?»

ያን ቀን የሰውን ካርድ ሁሉ ስታቀያይር ዋለች።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለችው ጠዋት እንደገባች።

ፎጣውን አጠፈ፣ ዘረጋ፣ መልሶ አጠፈ። «እንድትጨርሺ ብዬ ነው። እኔ ባወራሁ ቁጥር አንቺ መጻፍ ታቆሚያለሽ።»

«ይኼንን ግን ለእኔ!»

«ፈራሁ» አለ። «አትሂድ ብትይኝ ምን ልሆን ነው? ሂድ ብትይኝስ? ሁለቱንም ፈራሁ።»

ፍርሃት የእሷ ብቻ ይመስላት ነበር። እጁን ያዘችው። «እኔ እኮ ሆን ብዬ እያዘገየሁት ነው» አለች። «ካለቀ ጠዋት ጠዋት የምመጣበት ምክንያት አይኖረኝም ብዬ። እወድሃለሁ።»

ወደ ሥራ የምትሄድበት ሰዓት አልፎ ነበር።

«እኔም እወድሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ግን እኔ ሳልኖርም ጨርሺው። እኔ ስላለሁ ብቻ የምትጽፊ ከሆነ ጎድቼሻለሁ።»

ሄደ። እሷ በቤታቸው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ባዶ ወረቀት ዘርግታ ቀረች። ማታ ማታ ይደውላል፤ ስለ አየሩ ይጠይቃታል፣ ስለ ወንድሙ ልጆች ይነግራታል፤ ስለ መጽሐፉ ግን ቃል አያወጣም። እሷም የምትነግረው አልነበራትም። እሱ ከሌለ የማልረባ ነኝ ማለት ነው ብላ ታስባለች። አንድ ጠዋት ወረቀቱ ላይ እንባዋ ሲንጠባጠብ እናቷ አየች። ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና ምስር መልቀም ጀመረች።

«ምነው እማዬ?»

«ያ ለፍላፊ ሲቀመጥልሽ ትጽፊ ነበር አሉ። እኔ ከእሱ አንሳለሁ? በይ ጻፊ።»

ጻፈች። በማግስቱ እናቷ ገበያ ሄደች፤ ብቻዋንም ጻፈች። እየፈራች፣ እየሰረዘች፣ ግን ገጹ ሳይሞላ ሳትነሣ። ያለቀ ዕለት እናቷን አቅፋ አለቀሰች፤ ከዚያ ደወለችለት።

«አለቀ።»

ከወዲያ በኩል ምንም የለም።

«አለህ?»

«አለሁ። ማውራት ይቻላል?»

«ይቻላል።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ለአንቺ ልንገርሽ። አግቢኝ።»

«እሺ» አለች።

«ሰዎች!» ሲል ጮኸ፤ ስልኩን እንኳ አላራቀም። «መጽሐፉን ጨረሰች! እሺም አለችኝ!» በአዲሱ ፀጉር ቤት ያሉ የማታውቃቸው ወንዶች ሲያጨበጭቡ ተሰማት። ማን ሰማ፣ ማን ምን ይለኛል ሳትል ከእነሱ ጋር ሳቀች።